ፊቱን ያዞረው ጎረቤት

እንግዲህ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። የማወጋችሁ የአንድ ልጅ ነገር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ስሙን በመደበቅ የተረፈ ሰው ነውና ዛሬም እንደተደበቀ ይቆይለት።

ያ ትውልድ ጥያቄውን በአደባባይ ማንሳት የለመደ ነበር። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በጠራራ ፀሐይ ሰልፍ ወጡ፤ ከዚያም በየካቲት 1966 ታክሲ ነጂውም አስተማሪውም ወታደሩም ተከታትሎ ተነሣ፤ ከዚያም መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ በዚያው ቀን፣ ልብ በሉ፣ በዚያው ቀን ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ደርግ ሰልፍንም አድማንም ከለከለ። አደባባዩ ተዘጋና ጥያቄው ወደ ጓዳ ገባ።

የኛ ልጅ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ዘምቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀውን የመሬት አዋጅ ለገበሬው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ፣ ገመድ እየጎተተ መሬት ሲያከፋፍል ከርሞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ተመልሶም ደርግን በኅቡዕ የሚታገለው ፓርቲ፣ ኢሕአፓ ገባ። ሥራው ወረቀት ማመላለስ ነው፤ «ዴሞክራሲያ» የምትባለዋን የኅቡዕ ጋዜጣ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማድረስ። የሕዋስ ጓዶቹን በኅቡዕ ስማቸው ብቻ ያውቃቸዋል። ቀጠሮ ላይ ሰው ከዘገየ ቆሞ መጠበቅ የለም፤ ሰው ከተያዘ ደግሞ እሱን የሚያውቅ ሁሉ ያን ሌሊት ቤቱ አያድርም።

ከዚያም 1969 መጣ። ከኢሕአፓም ወገን ጥይት ተተኩሶ ሰው ወድቋል፤ ይህን ዘልዬ ባልፍ ትረካዬ ጎዶሎ ይሆናል። መንግሥት ግን ለየቀበሌው ጠመንጃ አደለ፤ ያለ ፍርድ መግደልን «ነፃ እርምጃ» አለው፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰባበረ። ሚያዝያ 21 ቀን፣ የሠራተኞች ቀን ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ወጣት ተረሸነ። እናቶች የልጃቸውን ሬሳ መንገድ ላይ አዩና ማልቀስ ተከለከሉ።

በዚያ ሰሞን ከልጁ ሕዋስ አንዱ ቀጠሮ ላይ ቀረ። ልጁ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችውም፤ የማታውቀውን ቢገርፏትም አትናገርምና። ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው፤ መነጽሩን ከፊቱ አንሥታ ሙዳይ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያም ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ የበልግ ዝናብ እያካፋ፣ ልጁ የግቢውን በር ከፈተ። በሩ ላይ የቆመው ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ነበር፤ እዚያው ግቢ የሚኖር፣ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ጎረቤት። ተያዩ። ከዚያም ሰውየው ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና ኮቱን አጥብቆ ቆለፈ፤ ልጁም ከጀርባው አለፈ።

መርካቶ አውቶቡስ ተራ ደርሶ የደሴውን አውቶቡስ ተሳፈረ። ደብረ ብርሃን ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ጣርማበር ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እየነዳ፣ ዋሻውን አልፈው ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ወረዱ፤ ከዚያም ቆላው ሙቀቱን ለቀቀው፤ ከዚያም ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ፈታሾቹ ወጣት ወጣቱን ያስወርዳሉ፤ እጁን ይገልጣሉ፣ የተማሪ እጅ ይሁን የሠራተኛ ያያሉ። ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ስሙን እንኳ ሳትጠይቅ ያዘለችውን ሕፃን ፈትታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና መቀነቷን ማሰር ጀመረች። ፈታሹ ሕፃኑን አቅፎ የሚያባብል ሰው አየና አለፈው።

ሐይቅ ሲደርስ በዘመቻው ጊዜ ያሳደረው ገበሬ ተቀበለው፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም «የእህቱ ልጅ ነው» ብሎ መዝገብ ላይ አሰፈረው። እንዲህ ሆኖ ሞፈር ጨበጠ፣ አጨደ፣ ወቃ፤ እጁም የገበሬ እጅ ሆነ።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙኝ። በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀና ከከተማ አንድ ወጣት አስተማሪ መጣ። ማንበብ የማይችል ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። የገበሬው የእህት ልጅ ማንበብ ከየት ያውቃል? እሱም ተመዘገበ፤ ዳሱ ሥር ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ተራው ሲደርስ ጠመኔውን በጭብጡ ይዞ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰሌዳው ላይ አንዲት የተንጋደደች «ሀ» ጻፈ። በዚያ ዳስ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ከአራት ዓመት በፊት ይኸው ልጅ አዋጁን ያለ አንዳች መደናቀፍ ሲያነብ ሰምቷል። ሁሉም ያውቁታል። አንድም ሰው አልሳቀም፤ አንድም ሰው ወደ ጎረቤቱ ዞሮ አልተያየም። አንዲት አሮጊት ብቻ «አይዞህ ልጄ፣ ይለመዳል» አሉት፤ አስተማሪው እየሰማ። ልጁ በሕይወቱ ካለፈው ፍርሃት ሁሉ ያቺን ሰዓት ያስቀድማታል፤ ከሚወደውም ሁሉ እሷን ያስቀድማል።

አዲስ አበባ እናቱ የቀበሌ ስብሰባ አንድ ቀን አልቀረችም፤ የቀረ ይጻፋልና። አጨብጭቡ ሲሉ ታጨበጭባለች። ልጇ የተገደለባት የግቢዋ ሴት ዘንድ ግን፣ ለቅሶ መቀመጥ ስለማይቻል፣ ጥጥ ይዛ ትሄዳለች፤ ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ፤ እንዝርት እያሾሩ፣ ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ፣ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ለቅሶው ያ ነበር።

ግንቦት 1983 ደርግ ወደቀና ልጁ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ተመለሰ። እናቱ በሕይወት ቆየችው። ያ አብዮት ጠባቂ ጎረቤት ግን ታስሮ ነበር። ልጁ ሊመሰክርለት ተነሣ፤ ከመሄዱ በፊት ልጇ የተገደለባትን ሴት ሊጠይቅ ገባና ሐሳቡን ነገራት። እሷም ረጅም ጊዜ ቆይታ፣ «ላንተ ፊቱን አዞረ፤ የኔን ልጅ ግን ከቤት አውጥተው ሲወስዱት በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው» አለችው።

ልጁ መልስ አልነበረውም። እስኪመሽ ከእሷ ጋር ተቀመጠ። በማግስቱ ሄዶ፣ ያን ንጋት በር ላይ የሆነውን ከነዝናቡ ተናገረ፤ ከዚያም ሴትዮዋ ያለችውን ቃል በቃል ተናገረ፤ መርማሪው «የመጣኸው የትኛውን ልትመሰክር ነው?» ቢለው፣ «ሁለቱንም ጻፍ» አለው፤ እስኪጽፍም ቆሞ ጠበቀና ከሥሩ ፈረመ፤ ያን ጊዜ እናት አባቱ ባወጡለት ስም።