በኤልክ አደን የዒላማ ቦታና የአረር ምርጫ

በኤልክ አደን የዒላማ ቦታና የአረር ምርጫ አዳኙ በእንስሳው አካል የት ላይ ማነጣጠር እንዳለበትና ምን ዓይነት አረር መጠቀም እንደሚገባው የሚመለከት የአደን ዕውቀት ክፍል ነው። አረር ማለት ጥይት ሲተኮስ ከቀለሁ ተነጥሎ የሚወነጨፈው ክፍል ነው። የዚህ ዕውቀት ዓላማ እንስሳው ብዙ ሳይሰቃይ እንዲሞት፣ ቆስሎ እንዳያመልጥና ሥጋው እንዳይበላሽ ማድረግ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ ወሳኙ የዒላማው ቦታ ነው፤ ጥሩ አረር የተሳሳተ ዒላማን አያርምም።

እንስሳው

ኤልክ ወይም ዋፒቲ (በሳይንሳዊ ስሙ ሰርቩስ ካናደንሲስ) በሰሜን አሜሪካና በእስያ የሚኖር ትልቅ የዱር እንስሳ ነው። ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ እንደገናም ያበቅላል። በኢትዮጵያ አጋዘን የሚባለው እንስሳ ቀንዱን ስለማይጥል ከሌላ አስተኔ ይመደባል። በአውሮፓ ደግሞ «ኤልክ» የሚለው ስም የሚሰጠው ሙስ ለተባለው የተለየ እንስሳ ነው።

በሮኪ ተራሮች የሚኖር ሙሉ ወንድ ኤልክ ወደ 320 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ ወደ 225 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ከአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ብዙ ኤልክ ያለው በኮሎራዶ ነው። የእንስሳው ጡንቻ ወፍራም፣ የትከሻው አጥንትም ጠንካራ ስለሆነ ለትናንሽ እንስሳት የሚበቃ አረር እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ልብና ሳንባ

ዋናው ዒላማ ልብና ሳንባ የሚገኙበት ደረት ነው። ሳንባዎቹ አብዛኛውን የደረት ክፍል ይሞላሉ፤ ልቡ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ከፊት እግሮቹ መካከል ይገኛል። ይህ ቦታ በግምት 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ትንሽ ስሕተትን ይችላል። ሁለቱም ሳንባዎች ሲበሱ የደም ግፊት በፍጥነት ይወርድና አንጎል ኦክስጅን ያጣል። ሆኖም በትክክል የተመታ ኤልክም ቢሆን ከመውደቁ በፊት በርካታ አሥር ሜትሮችን ሊሮጥ ይችላል።

ራስና አንገት ላይ መተኮስ ብዙውን ጊዜ አይመከርም። አንጎል ትንሽ ዒላማ ነው፤ ራስም ሳይታሰብ ይንቀሳቀሳል። መንጋጋው የተሰበረ እንስሳ አምልጦ ከብዙ ቀናት በኋላ በረሃብ ሊሞት ይችላል። ጨጓራው ወይም አንጀቱ የተመታም ቀስ ብሎ ይሞታል፤ የጨጓራው ይዘትም ሥጋውን ይበክላል። በትከሻው አካባቢ አከርካሪው ከጀርባው ቆዳ በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ከፍ ብሎ ያረፈ አረር እንስሳውን ለጊዜው ጥሎት ተነሥቶ እንዲሸሽ ሊያደርገው ይችላል።

የአቋሙ አቅጣጫ

• ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም፦ ከሁሉ የተሻለው አቋም ነው። የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትሎ፣ ከደረቱ በታችኛው ጠርዝ የሰውነቱን ከፍታ ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ይነጣጠራል።

• ወደ ሌላ ዞሮ ሰያፍ ሲቆም፦ አረሩ ከጎድን አጥንቶቹ ጀርባ ገብቶ በወዲያኛው ወርች አቅጣጫ እንዲሄድ ታስቦ ይተኮሳል። በዚህ ጊዜ የመግቢያው ቦታ ሳይሆን አረሩ በውስጥ የሚሄድበት መስመር ነው የሚታሰበው።

• ወደ አዳኙ ዞሮ ሰያፍ ሲቆም፦ የትከሻ አጥንት መንገዱን ይዘጋል፤ ትንሽ ስሕተትም አረሩን ወደ ጨጓራ ይወስደዋል። እንስሳው እስኪዞር መጠበቅ ይሻላል።

• ፊት ለፊት ሲቆም፦ ዒላማው ጠባብ ነው።

• ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም፦ መተኮስ አይገባም።

አረሩ በእንስሳው አልፎ ሊወጣ ስለሚችል ከኋላው ሌላ ኤልክ ወይም ሰው አለመኖሩ አስቀድሞ መታየት አለበት።

የአረር ዓይነቶች

ለአደን የሚሠራ አረር ሲመታ ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል። ሲሰፋ ሰፊ ቁስል ይፈጥራል፤ ቶሎ ከሰፋ ወይም ከተሰባበረ ግን በጥልቀት አይዘልቅም። ለኤልክ የሚመረጠው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሚዛን የጠበቀ አረር ነው። ሙሉ በሙሉ በብረት ልባስ የተሸፈነ አረር ሳይሰፋ አልፎ ስለሚሄድ ለአደን አይመከርም። የሚሰፉ አረሮች እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ በወጣ ድንጋጌ ለጦርነት ሲከለከሉ፣ በአደን ግን በብዙ ቦታ ሕግ ያስገድዳቸዋል።

ተራው የአደን አረር በመዳብ ልባስ የተሸፈነ እርሳስ ነው። በቅርብ ርቀት አጥንት ሲመታ ሊሰባበር ይችላል። አሜሪካዊው ጆን ኖስለር እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ ሲያድን አረሩ በጥልቀት ሳይዘልቅ በመቅረቱ፣ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊተኛው ክፍል ሲሰፋ የኋለኛው ሳይሰበር ወደ ውስጥ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ እርሳሱ ከልባሱ ጋር የተጣበቀባቸውና ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠሩ አረሮች መጥተዋል።

የእርሳስ ፍንጣሪ ከቁስሉ ርቆ በሥጋው ውስጥ ሊበተን ይችላል፤ አብዛኛው ለዓይን አይታይም። ሜዳ ላይ የተጣለውን ሆድቃ የሚበሉ ንስሮችና የካሊፎርኒያ ኮንዶሮችም በእርሳስ ይመረዛሉ። በዚህ ምክንያት ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 መጀመሪያ ጀምሮ በማንኛውም አደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች።

ክብደት፣ ፍጥነትና ርቀት

የአረር ክብደት በግሬን ይለካል፤ አንድ ግሬን 0.065 ግራም ያህል ነው። ለኤልክ በስፋት በሚሠራበት .30-06 ስፕሪንግፊልድ ጥይት ከ165 እስከ 180 ግሬን (ከ10.7 እስከ 11.7 ግራም) የሚመዝን አረር የተለመደ ነው። ብዙ አረሮች በደንብ የሚሰፉት ከ550 እስከ 600 ሜትር በሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ሲመቱ ነው። ርቀት ሲጨምር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ነፋስም አረሩን ይበልጥ ይገፋዋል። ስለዚህ የአዳኙ ርቀት የሚወሰነው ጠመንጃው በሚደርስበት ሳይሆን እርሱ ደጋግሞ መምታት በሚችልበት ነው። ከባድ ጠመንጃ ሲረግጥ ተኳሹን ካስፈራው ዒላማውን ያስተዋል።

የኮሎራዶ ደንብ ለኤልክ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሊበር፣ 85 ግሬን የሚመዝን የሚሰፋ አረርና በ100 ያርድ (91 ሜትር) ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ (1,356 ጁል) ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ዝቅተኛው ወሰን ነው።

ከተኩሱ በኋላ

ኤልክ ተመትቶም ምንም እንዳልሆነ ሊቆም ስለሚችል፣ ቆሞ እስከታየና አመቺ እስከሆነ ድረስ ደግሞ መተኮስ ይመከራል። ከዐይን ከተሰወረ የተመታበት ቦታ በምልክት ይያዛል። አረፋ ያለው ቀላ ያለ ደም ሳንባን፣ ጠቆር ያለ ደም ብዙ ጊዜ ጉበትን፣ አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት ደግሞ ጨጓራን ወይም አንጀትን ያመለክታል። በመጨረሻው ሁኔታ ወዲያው መከተል እንስሳውን አስነሥቶ ያርቀዋል፤ ስለዚህ ለሰዓታት መጠበቅ የተለመደ ነው። ደም አለመታየቱ ግን ተኩሱ ስቷል ማለት አይደለም፤ አዳኙ ዱካውን እስከ መጨረሻው መፈለግ ይጠበቅበታል።