ኮቦል

ኮቦል ለንግድና ለአስተዳደር ሥራ የተዘጋጀ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ «ለንግድ ሥራ የተዘጋጀ የጋራ ቋንቋ» የሚል ትርጉም ካለው ሐረግ መነሻ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ንድፉ እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረ ሲሆን፣ በቋንቋው የተጻፉ ፕሮግራሞች እስከ ዛሬ በባንኮች፣ በኢንሹራንስ ድርጅቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሠራሉ። ፕሮግራሞቹን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ግን እያነሱ ሄደዋል። በዚህም ምክንያት አሮጌ ሶፍትዌርን ጠብቆ ስለማቆየት ሲነሳ ኮቦል በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኮምፒውተር አምራቾች ለየራሳቸው ማሽን ብቻ የሚሆን ቋንቋ ያዘጋጁ ነበር። አንድ ድርጅት ኮምፒውተሩን ሲቀይር ፕሮግራሞቹን እንደ አዲስ ማስጻፍ ግድ ይሆንበት ነበር። ይህን ወጪ ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በሜይ 1959 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አምራቾችንና ተጠቃሚዎችን በፔንታጎን ሰበሰበ። ከዚያ ስብሰባ የተነሣው ኮዳሲል የተባለ ጉባኤ ቋንቋውን አወጣ። ለአወቃቀሩ ዋና መሠረት የሆነው ግሬስ ሆፐር ቀደም ሲል ያዘጋጁት ፍሎው-ማቲክ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም ጥቂት ለውጥ ብቻ ተደርጎበት በሁለት የተለያዩ አምራቾች ኮምፒውተሮች ላይ ሠራ።

ጠባይ

የኮቦል ትእዛዞች የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይመስላሉ። «ግብሩን ከጠቅላላው ላይ ደምር» እንደማለት ያለ መስመር ራሱ ትእዛዝ ነው። ሐሳቡ የሒሳብ ሠራተኞችና ኃላፊዎችም ፕሮግራሙን አንብበው እንዲረዱት ነበር።

ሌላው ጠባዩ የገንዘብ ስሌት ነው። ብዙ ቋንቋዎች ክፍልፋይ ቁጥርን በሁለትዮሽ ስለሚያስቀምጡ 0.1ን እንኳ በትክክል መያዝ አይችሉም። ኮቦል ግን አኃዞቹን በአሥርዮሽ እንዳሉ ይይዛል። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሒሳቦች ላይ ሳንቲም እንዳይጎድል የሚፈልጉ ባንኮች የወደዱት አንድም ለዚህ ነው።

የባለሙያ እጥረት

ሶፍትዌር እንደ ብረት አይዝግም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ላደረገው ሲስተም/360 የተጻፉ ፕሮግራሞች ከዚያ በኋላ በመጡት የኩባንያው ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይም እንዲሠሩ ተደርጓል። የሚያልቀው ፕሮግራሙ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ የሚያውቀው ሰው ነው። ለምሳሌ አንድ መስመር ለተወሰኑ ጡረተኞች የተለየ ስሌት ቢያዝዝ፣ የቀድሞ ሕግ ያመጣው ይሁን ወይም ስሕተት፣ ከጽሑፉ ብቻ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ቋንቋውን መማር ብቻውን አይበቃም።

ችግሩ በሰፊው የታየው ከ2000 ዓመት ለውጥ በፊት ነበር። ማኅደረ ትውስታ ውድ በነበረበት ዘመን ዓመታት በሁለት አኃዝ ብቻ ይጻፉ ስለነበር፣ «00» እንደ 1900 ይቆጠራል የሚል ስጋት ተፈጠረ። ፕሮግራሞቹን ለማስተካከል ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ወደ ሥራ ተጠሩ።

እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020 በኮቪድ-19 ምክንያት የሥራ አጥ ድጎማ ጠያቂዎች ሲበዙ፣ የአሜሪካዋ ኒው ጀርዚ ግዛት አገረ ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲረዱ ጥሪ አቀረቡ። የታሪክ ምሁር ማር ሂክስ ግን በኋላ እንደጻፉት፣ እክሉ የነበረው አመልካቾች የሚጠቀሙበት፣ በጃቫ የተሠራው ድረ ገጽ ላይ እንጂ ከጀርባው ባለው የኮቦል ፕሮግራም ላይ አልነበረም። እንደ ምሁሩ አስተያየት ዋናው ጉድለት የጥገና በጀትና ሠራተኛ መቀነሱ ነው።

የማቆያ መንገዶች

አሮጌ ፕሮግራም ያላቸው ተቋማት ከሚከተሏቸው መንገዶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• ባለበት ማቆየት። ፕሮግራሙ ሳይነካ አዳዲስ ሠራተኞች ከነባሮቹ ጎን ሆነው ይማራሉ። ወጪው በየዓመቱ ይቀጥላል፤ ዕውቀቱ ግን አይቋረጥም።

• መሸፈን። ነባሩ ፕሮግራም ከጀርባ ሆኖ ይቀጥላል። የስልክ መተግበሪያና ድረ ገጽ በመካከል በተሠራ ማገናኛ ይጠቀሙበታል።

• መተርጎም። ጽሑፉ በመሣሪያ ወደ ሌላ ቋንቋ ይለወጣል። ውጤቱ ቢሠራም ብዙ ጊዜ ለማንበብ ያስቸግራል።

• እንደ አዲስ መሥራት። የአውስትራሊያው ኮመንዌልዝ ባንክ ዋናውን የሒሳብ ሥርዓቱን ለመቀየር አምስት ዓመት ገደማና ከ1 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ፈጅቶበታል። የብሪታንያው ቲኤስቢ ባንክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አዲስ ሥርዓት ሲዛወር በርካታ ደንበኞች ሒሳባቸውን ማንቀሳቀስ አቅቷቸው ሰነበቱ፤ ባንኩም በ2022 ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጣ።

ለውጡ አስጊ የሚሆነው በተለይ የቆየው ፕሮግራም የሚሠራውን ሁሉ የሚዘረዝር ሰነድ በማይኖርበት ጊዜ ነው። በመሆኑም ነባር ሠራተኞች ሳይሰናበቱ ደንቦቹን መጻፍና መሞከሪያ ፈተናዎችን ማዘጋጀት ለየትኛውም መንገድ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ዛሬ

ቋንቋው አሁንም ይሻሻላል፤ ዓለም አቀፍ መለኪያው እ.ኤ.አ. በ2023 ታድሷል። ጂኤንዩ ኮቦል የተባለው ነፃ ኮምፓይለር በግል ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ፣ ተማሪዎች ትልቅ ማሽን ሳያስፈልጋቸው ቋንቋውን መለማመድ ይችላሉ።