የአሞኒያ ብክነት

የአሞኒያ ብክነት ማለት በእርሻ ላይ ከተጨመረ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ወደ አየር የሚሄድበት ሂደት ነው። አሞኒያ የሚሰነፍጥ ሽታ ያለው ቀለም አልባ ጋዝ ነው። ብክነቱ በዋናነት የሚታየው በዩሪያ ማዳበሪያና በከብት ፍግ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ዩሪያን በውጭ ምንዛሪ ስለምታስገባ፣ የሚተነው ናይትሮጅን ለገበሬውም ለአገሪቱም ኪሳራ ነው።

ሂደቱ

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ይዟል። ፍሬው እርጥበት ሲያገኝ ይሟሟል፤ ከዚያም በአፈርና በሰብል ቅሪት ውስጥ የሚገኝ ዩሪያዝ የተባለ ኤንዛይም ወደ አሞኒየም ካርቦኔት ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ በፍሬው ዙሪያ ያለው የአፈር ፒኤች ስለሚጨምር ከአሞኒየሙ ከፊሉ ወደ አሞኒያ ጋዝ ይለወጣል። ለውጡ አፈር ውስጥ ከተካሄደ አብዛኛው ጋዝ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል፤ በአፈሩ ገጽ ላይ ከሆነ ግን ያመልጣል።

ብክነቱን የሚያባብሱት፦
* ዩሪያን በትኖ ሳይሸፍኑ መተው
* ሙቀትና ነፋስ
* መሬቱ ረጥቦ ሳለ ዝናብ መጥፋት
* ከፍተኛ ፒኤች ያለው አፈር
* በማሳው ላይ የቀረ ገለባና ቅሪት

መጠኑ

የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የተሻሻለ መመሪያ፣ የአካባቢ መረጃ ከሌለ ከዩሪያ ናይትሮጅን 15 በመቶው በጋዝ መልክ እንደሚጠፋ ተደርጎ ይሰላል። በዚህ ስሌት ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪ.ግ. ናይትሮጅን ውስጥ 7 ኪ.ግ. ያህሉ ይጠፋል። ይህም 15 ኪ.ግ. ዩሪያን እንደ መጣል ይቆጠራል። ትክክለኛው መጠን ግን እንደ አፈሩ፣ እንደ አየሩና እንደ አጨማመሩ በእጅጉ ይለያያል።

በጎንደር አካባቢ

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃና በዙሪያዋ ባሉት ደጋማ ቦታዎች እርሻው በአብዛኛው በክረምት ዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚበዛ ዩሪያው ቶሎ ወደ አፈር ይገባል። በዚያ ወቅት ናይትሮጅኑ በጎርፍ መታጠቡና ወደ ታች መስረጉም ያሰጋል። ውሃ በሚተኛበት ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ናይትሮጅኑ በሌሎች ጋዞች መልክ ይባክናል። የአሞኒያ ብክነት ይበልጥ የሚያሰጋው ዝናብ ሲቆራረጥ፣ ክረምቱ ሲወጣና በበጋ መስኖ ላይ ነው።

ፍግም እንዲሁ ነው። በፀሐይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ከናይትሮጅኑ ከፊሉ ይተናል፤ ኩበት ሆኖ ሲነድ ደግሞ የቀረው ናይትሮጅን ወደ ማሳ ሳይመለስ ይቀራል።

መቀነሻ መንገዶች

* ዩሪያን በመስመር ጨምሮ ወዲያው ከ5 ሴንቲሜትር ባላነሰ አፈር መሸፈን
* መጠኑን ከፋፍሎ፣ ከፊሉን በዘር ወቅት ቀሪውን ሰብሉ ሲያድግ መስጠት
* ዝናብ ሊጥል ሲል መጨመር ወይም ወዲያው መስኖ ማጠጣት፤ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ውሃ ዩሪያውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል
* አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚበተን ኖራና ዩሪያን በአፈር ገጽ ላይ አለመቀላቀል፤ ኖራ ፒኤችን ስለሚጨምር አሞኒያ በብዛት ይወጣል
* ፍግን በጥላ ሥር ከገለባ ጋር አብላልቶ ኮምፖስት ማድረግ፣ ማሳ ላይ ሲበተንም በዚያው ቀን ማረስ
* ባቄላና ሽምብራን የመሳሰሉ ናይትሮጅን ከአየር የሚወስዱ ሰብሎችን ማፈራረቅ

በሌሎች አገሮች የዩሪያዝን ሥራ የሚያዘገይ ኤንቢፒቲ የተባለ ኬሚካል የተቀባ ዩሪያም ይሸጣል።

በአካባቢ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ወደ አየር የወጣ አሞኒያ ከሌሎች ብክለቶች ጋር ተዋህዶ ለመተንፈሻ አካላት ጎጂ የሆነ ረቂቅ ብናኝ ይፈጥራል። መልሶ መሬት ላይ ሲያርፍ አፈርን አሲዳማ ያደርጋል፤ ከፊሉም ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ተለውጦ የምድርን ሙቀት ይጨምራል።