የሁለቱ ቁራዎች ደሴት

የኢብኑ በጡጣ ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የሐጅ ጉዞው ወይም የማሊው በረሃ ነው። ዛሬ ግን አብረን ወደ ባሕር እንውጣ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1343 ነው፤ የምንሄደውም ወደ ማልዲቭ ደሴቶች ነው።

የታንጀሩ ሰው ያኔ ችግር ላይ ነበር። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ለቻይና ንጉሥ እንዲያደርስ የሰጡት ስጦታ ካሊከት ወደብ ላይ በማዕበል ጠፍቶበታል። ወደ ዴልሂ ቢመለስ ምን እንደሚጠብቀው አላጣውም። ስለዚህ ከካሊከት መርከብ ተሳፈረ፤ ከአሥር ቀን በኋላም ደሴቶቹ ደረሰ።

እስቲ አቀማመጣቸውን በሐሳባችሁ ሳሉት። ደሴቶቹ እንደ ቀለበት ክብ ሠርተው የተደረደሩ ናቸው፤ ወደ ክቡ የሚያስገባው እንደ በር ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። የአገሩን ተወላጅ መሪ ያልያዘ መርከብ አይገባም። ከአንዱ ደሴት ስትወጡ የሚቀጥለው ደሴት የዘንባባ ጫፍ ይታያችኋል። መንገዱን የሳተውን ግን ነፋስ ወደ ሴይሎን ወይም ወደ ሕንድ ጠረፍ ይዞት ይሄዳል። ኢብኑ በጡጣ ደሴቶቹ 2,000 ያህል ናቸው ብሏል፤ ዛሬ የሚቆጠሩት 1,200 ገደማ ናቸው።

ከመርከብ ወርዶ ያየውን ሁሉ ልብ ብሎ አይቷል። የኮኮናት ልጣጭ በባሕር ዳር ጉድጓድ ተዘፍዝፎ ይወቀጣል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፤ በዚያ ገመድ የመርከብ ሳንቃ ይሰፋል። አዎን፣ ይሰፋል! በሚስማር የተመታ መርከብ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰበራል፤ የተሰፋው ግን ይለጠጣል። ገንዘባቸው ከባሕር የሚለቀም ዛጎል ነበር። አንድ የወርቅ ዲናር 400,000 ዛጎል ይመነዘር ነበር። ከዓመታት በኋላ ይህንኑ ዛጎል በማሊ ሲገበያዩበት አየ፤ እዚያ ግን አንድ ዲናር 1,150 ብቻ ነበር። ዛጎሉ ምን ያህል ባሕርና በረሃ እንዳቋረጠ ከዋጋው ገምቱ።

ኢብኑ በጡጣ ሕዝቡን ደጎች፣ ንጹሖችና ሃይማኖተኞች ይላቸዋል፤ መሣሪያቸው ዱዓ ነው ይላል። የምትገዛቸው ንግሥት ኸዲጃ ነበረች። ሹሞቹ ዓሊም መሆኑን ሲያውቁ ቃዲ አደረጉት። ከጁምዓ ሰላት የቀረውን አስገረፈ። የአንድ ሌባ እጅ እንዲቆረጥ ሲፈርድ በችሎቱ የነበሩ አንዳንድ ሰዎች ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከወገብ በላይ የማይሸፍኑትን ሴቶች ሊያለብስ ሞክሮ አልተሳካለትም፤ የቻለው ያልተሸፈነች ሴት ችሎት እንዳትገባ መከልከል ብቻ ነው። ሽንፈቱን ራሱ መጻፉን እወድለታለሁ። እነዚህ ሰዎች እስልምናን ከተቀበሉ እኮ ያኔ 190 ዓመት ሆኗቸዋል፤ በአንድ እንግዳ ቃዲ ትእዛዝ በአንድ ጀንበር አይለወጡም።

እስልምናን ማን አደረሰላቸው? ኢብኑ በጡጣ በመስጊዱ እንጨት ላይ የተቀረጸውን ሲያነብ አቡል በረካት አል-በርበሪ አል-መግሪቢ የሚል አገኘሁ ይላል። የማልዲቭ ታሪክ ግን ተብሪዚ የሚባል ሰው ነው ይላል። በዐረብኛ ነጥብ ካልተደረገባቸው አል-በርበሪና አት-ተብሪዚ የሚለያዩት በአንድ ትንሽ ጥርስ ነው! በዚያ ዘመን የዘይላዕና የበርበራ ጠረፍም የበርበራ አገር ይባል ስለነበር፣ ሰውየው ከእኛው ጎረቤት የሄደ ነው የሚሉም አሉ። ይህ ልባችንን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ለአንድ ወገን ለመፍረድ የሚበቃ አይደለም። የመግሪቡ ሰው የመግሪብ ሰው ማንበቡን ደግሞ አትርሱ።

በደሴቶቹ ጥሎሽ ትንሽ፣ ጋብቻም ቀላል ነበር። ቃዲው ከሹማምንቱ ቤት እያገባ አራት ሚስቶች ያዘ፤ ሥልጣኑም ከፍ አለ። ዋናው ወዚር ሰጋው፤ ተቃቃሩ። እ.ኤ.አ. በ1344 ሚስቶቹን ፈትቶ ለመሄድ ተነሳ።

በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ ደሴት አገኘ። በላይዋ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ ሸማኔ ነው። ሚስትና ልጆች፣ ጥቂት የኮኮናትና የሙዝ ተክሎች፣ ዓሣ የሚያጠምድባትና ወደ ሌሎች ደሴቶች የሚሻገርባት አንዲት ጀልባ አለችው። ከየብስ ወፎች የታዩት ሁለት ቁራዎች ብቻ ነበሩ፤ መጥተው በመርከቡ ላይ ዞሩ። ሱልጣኖች ያከበሩት፣ ወርቅ የተሸለመው ሰው በዚያ ሸማኔ ቀናበት። ደሴቷ የእርሱ ብትሆንና እስኪሞት ቢቀመጥባት ተመኘ። ምኞቱ እውነተኛ ይመስለኛል፤ መርከቡ ግን አልቆመም።

ከዚያ ሙሉክ በምትባል ደሴት 70 ቀን ቆይቶ፣ ወደ ሴይሎን ሄዶ የአደምን ተራራ ወጣ። በኋላም ወደ ማልዲቭ አንድ ጊዜ ተመለሰ። እሱ ከሄደ በኋላ ከአንዷ ሚስቱ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ነበርና ሊያየው ፈልጎ ነው። እናቱ ልጄን ሊወስድብኝ ነው ብላ ለወዚሩ አመለከተች፤ ወዚሩም አልከለክለውም አላት። ልጁን አመጡለት። አየው፤ ከእነርሱ ጋር ቢያድግ ይሻለዋል ብሎም መልሶ ሰጣቸው። ከዚያም ለ43 ሌሊት በባሕር ተጉዞ ቤንጋል ደረሰ።