የአመድ ዓመት፦ ስለ ጎተራና ስለ ጎረቤት

«ዘንድሮስ የዓመቱን እህል አስገባችሁ?» አዝመራው ተወቅቶ እህል በሚረክስበት በጥርና በየካቲት ጎረቤት ለጎረቤት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። እጁ ላይ ገንዘብ ያለው አባወራ ጤፉን በኩንታል ያስገባል። እማወራዋም በርበሬውን አስደልዛ፣ ሽሮውን አስፈጭታ ለክረምት ታሰናዳለች። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው እናት ግን የዛሬን ለዛሬ በኪሎ ወይም በጣሳ ትሸምታለች። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ዋጋው ይወደዳል፤ እርሷም በተወደደው ትገዛለች። ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳብ ቢደረግ፣ ለአንዱ ዓይነት ጤፍ አብልጣ የከፈለችው በጣሳ የገዛችው እናት ሆና ትገኛለች። የድሃ እንጀራ ከሀብታሙ እንጀራ ይወደዳል።

ይህን የማያስተውል ሰው ሁለት ነገር ሲናገር ይሰማል። አንዱ «የዓመት ቀለብ ማከማቸት በአላህ አለመመካት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ድሃውን «ቁጠባ ባለማወቅህ ነው የተቸገርከው» ብሎ ይገሥጸዋል። ሁለቱም ንግግሮች በታሪክ ሚዛን ሲመዘኑ ቀላል ሆነው ይገኛሉ። ለዚህም ከኢስላም ታሪክ አንድ ዓመት መርጠን እንመልከት።

የዓመት ቀለብ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት

በቅድሚያ ግን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ጎራ እንበል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) እንደተናገሩት፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከበኒ ነዲር የተምር ምርት እየሸጡ ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ ነበር። እንግዲያው ቀለብ ማስቀመጥ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ነቢዩላህ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ቢሆኑ ለግብፅ ሰዎች የመከሩት ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት አርሰው፣ ከሚበሉት በቀር ያለውን ከነዛላው እንዲያስቀምጡ ነበር። ገበሬ አባቶቻችን የዚህ ምክር ጥበብ አይጠፋቸውም፤ ከነዛላው ያለ እህል ከተወቃው ይልቅ ነቀዝን ይቋቋማል።

ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ከዚያው ቤት ሌላም ዘገባ ደርሶናል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጨረቃ እየተተካች በነቢዩ ቤት እሳት ሳይነድ እንደሚቆይና ተምርና ውሃ ብቻ ቀለባቸው እንደነበር ተናግረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ሲሄዱም ጥሩራቸው በ30 ቁና ገብስ መያዣነት በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ ነበር። የዓመት ቀለብ የሚያስቀምጥ ቤት እንዴት እንዲህ ይሆናል? ኢማም ነወዊን የመሳሰሉ ዑለማዎች ሲያብራሩ፣ ቀለቡ ለዓመት ይቀመጥ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ለተቸገረና ለእንግዳ እየወጣ ያልቅ ነበር ብለዋል። ያ ጎተራ በር ነበረው፤ በሩም ወደ ጎረቤት ይከፈት ነበር።

ዓመተ ረማዳ

አሁን ወደ መረጥነው ዓመት እንምጣ። ዘመኑ 18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር 639 ነው። በዑመር ኸሊፋነት ዘመን በሒጃዝ ምድር ዝናብ ጠፋ። ድርቁ ወደ 9 ወር ገደማ ቆየ። ምድሪቱ አመድ መሰለች፤ ነፋሱም ሲነፍስ አመድ የመሰለ አቧራ ያነሣ ነበር። «ረማድ» በዐረብኛ አመድ ማለት ነውና ዓመቱ «ዓሙ ረማዳ» ተባለ።

ከብት አርቢው ዘላን እንስሳቱ ባለቁበት ጊዜ የሚበላው አልነበረውም። ከየበረሃው እየተነሣ ወደ መዲና ተመመ፤ በከተማይቱ ዙሪያም ሰፈረ። ኢብኑ ሰዕድ በመዘገቡት መሠረት ዑመር በመዲና መግቢያዎች ሰዎች መደቡ። እነርሱም ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ሞተ እያጣሩ ማታ ማታ ለኸሊፋው ይነግሯቸው ነበር።

አንድ ማታ ዑመር ከማዕዳቸው የሚበሉት እንዲቆጠሩ አዘዙ፤ 7,000 ያህል ሆኑ። ቀጥለው ወደ ማዕዱ መምጣት ያልቻሉት ሕመምተኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት እንዲቆጠሩ አዘዙ፤ 40,000 ሆኑ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። እርዳታ በሚታደልበት ቦታ ተሰልፎ የምናየው ድሃ ከድሆች ሁሉ ጥቂቱ ነው። የሚበዛው በእግሩ መድረስ ያቃተውና ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠው ነው። ዑመር ማዕዱን ብቻ ቆጥረው ቢያበቁ ኖሮ 40,000ው ተረስቶ በቀረ ነበር።

ኸሊፋው ምን በሉ?

ችግሩ በጸና ጊዜ ዑመር ሕዝቡ እስኪያገግም ድረስ ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ እንደማይቀምሱ ማሉ። ዳቦ በዘይት ብቻ ሲበሉ ነጭ የነበረው መልካቸው ጠቆረ። ሆዳቸው ባጉረመረመ ቁጥርም፣ ሰዉ እስኪጠግብ ድረስ ከዚህ በቀር እንደማያገኝ ይነግሩት ነበር።

ጦበሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን አንድ አቁማዳ ቅቤና አንድ አቁማዳ ወተት ገበያ ላይ ታየ። አገልጋያቸው በ40 ዲርሃም ገዝቶ አመጣላቸው። ዑመር ግን ዋጋው እንደተወደደ ነግረው ለድሆች እንዲሰጥ አዘዙ። ሰዎችን የነካቸው ካልነካኝ የእነርሱ ጉዳይ እንዴት ያሳስበኛል የሚል ነበር ምክንያታቸው።

በሌላ ቀን ከልጆቻቸው አንዱ በእጁ ሐብሐብ ይዞ አዩት። ሕዝበ ሙስሊሙ በረሃብ ከስቶ ሳለ የኸሊፋው ልጅ ፍራፍሬ ይበላልን ብለው ተቆጡት፤ ልጁም እያለቀሰ ሮጠ። ነገሩ ሲጣራ ልጁ ሐብሐቡን የገዛው በአንድ እፍኝ የተምር ፍሬ ነበር። ለካስ የኸሊፋው ልጅ የያዘው ሀብት ሌላው በልቶ የጣለው ፍሬ ኖሯል!

ልብ በሉ ውድ አንባቢያን! ዑመር ለተራበው ሰው ስለ ቁጠባ አልሰበኩም። ቁጠባን የጀመሩት ከራሳቸው ሌማት ነው። የእኛ ሰው «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይላል። ወጥ የሌለው ደሃ እንጀራውን ያለውን ቀብቶ ይበላል፤ ይህ ለእርሱ ምርጫ አይደለም። በፈቃዱ ቅቤውን የተወ ሰው ቆጣቢ ይባላል። ቅቤ የሌለውን ሰው ግን «ቆጥብ» ማለት ምን ትርጉም አለው? ከምኑ ይቆጥባል?

ጥሪና ምላሽ

ዑመር በየአገሩ ለሾሟቸው ሹማምንት «ድረሱልን» ሲሉ ጻፉ። ጦበሪ እንደሚሉት ቀድመው የደረሱት አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ሲሆኑ፣ ከሻም 4,000 ግመል ጭነት እህል ይዘው መጡ። ዑመር 4,000 ዲርሃም ሊሰጧቸው ቢሉ እምቢ አሉ፤ ያደረጉት ለአላህ ብለው ነበርና። ዑመር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእርሳቸውም እንዲሁ ሰጥተዋቸው እንደነበር አስታውሰው አስገደዷቸው። ከዒራቅም ከሌላም ዱቄትና ልብስ የጫኑ ግመሎች ጎረፉ። ዱቄቱ ታደለ፤ ጭነቱን ያመጡት ግመሎችም ታርደው ለተራበው ሆኑ።

ዑመር በዚያ ዓመት ያሰቡት ሌላም ነገር ነበር። እህሉ ባይደርስ ኖሮ፣ በእያንዳንዱ ቤት በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ሌላ ሰው ሊያስገቡ አስበው ነበር። ሰው በግማሽ ሆድ አይሞትምና፣ ባለ ቤቱ ከነእንግዶቹ እኩል ተካፍሎ ይደር ነበር። አምስት ቤተሰብ ባለበት ቤት አምስት እንግዳ ማለት ነው። እስቲ ማታ ራት ላይ በየቤታችን ያሉትን ሰዎች ቆጥረን፣ በዚያው ቁጥር ልክ እንግዳ በማዕዱ ዙሪያ እናስቀምጥ። ጎተራችን ስንት ቀን ይዘልቃል?

ይህ አሳብ ለሶሓባዎች እንግዳ አልነበረም። የየመን ሰዎች የሆኑት አሽዐሪዮች በዘመቻ ስንቅ ሲያልቅባቸው ወይም በከተማ ቀለብ ሲያንሳቸው፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ ቁና እኩል ይካፈሉ ነበር። የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ምግባራቸው አመስግነዋቸዋል።

ከዝናቡ በኋላ

በመጨረሻ ዑመር ከነቢዩ አጎት ከዓባስ (ረ.ዐ) ጋር ሆነው ለዝናብ ዱዓ አደረጉ፤ አላህም (ሱ.ወ) ዝናቡን ላከ። ሥራው ግን በዚህ አላበቃም። ዑመር ስደተኛውን ስንቅና መጓጓዣ እየሰጡ ወደየቀዬው መለሱት። የዚያን ዓመት ዘካ ከከብት አርቢው ሳይሰበስቡ አቆዩለት። በተከታዩ ዓመት የሁለቱን ዓመት እንዲሰበስቡ ሰዎች ሲልኩም፣ የአንዱን እዚያው ለድሆች አከፋፍለው የአንዱን ብቻ እንዲያመጡ አዘዙ። የተራበ ሰው ሆዱን ቢሞላም ለዘር፣ ለከብትና ለዕዳ ጊዜ እንደሚያስፈልገው አውቀዋልና።

በፍርድም በኩል እንዲሁ ነበር። ኢማም ማሊክ እንደዘገቡት፣ የአንድ ሰው ባሮች የሌላውን ግመል ሰርቀው በሉ። ዑመር ጌታቸው እንደሚያስርባቸው በተረዱ ጊዜ ዕዳውን በጌታው ላይ ጣሉ። ባለ ግመሉ 400 ዲርሃም ቢሰጡትም እንደማይሸጣት ሲናገር፣ ጌታው 800 እንዲከፍለው ፈረዱ። የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን ያስራበውንም ጠየቁ።

ከዚያም የክፉ ቀን ጎተራ ተሠራ። ግብፅ በሙስሊሞች እጅ ከገባች በኋላ ዓምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዑመር ትእዛዝ ከዓባይ ወንዝ እስከ ቀይ ባሕር የሚደርሰውን ጥንታዊ ቦይ እንደገና አስቆፈሩ። የግብፅ እህል በመርከብ ወደ መዲና ወደብ ወደ ጃር መጣ፤ በዚያም መጋዘን ተሠራ። ይህች ጃር የሐበሻ ምድር መርከቦችም ይደርሱባት እንደነበር ያቁት አል-ሐመዊ ጽፈዋል። በመዲናም «የዱቄት ቤት» ተቋቋመ። በውስጡ ዱቄት፣ ተምር፣ ዘቢብና ሰዊቅ ይቀመጥ ነበር፤ ሰዊቅ ማለት የእኛው በሶ ነው። ስንቁ ያለቀበት መንገደኛና እንግዳ ከዚያ ይረዳ ነበር።

ማከማቸትና ማደበቅ

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። እህል በረከሰ ጊዜ ለቤተሰብ ቀለብ ማስገባት አንድ ነገር ነው። እህል ባነሰ ጊዜ ከገበያ ገዝቶ፣ እስኪወደድ ድረስ ደብቆ ማቆየት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተግባር ነው። ሁለተኛው «ኢሕቲካር» ይባላል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን የሚያደርግ ኃጢአተኛ መሆኑን ተናግረዋል። ዑመርም ትርፍ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ወደ ገበያው የመጣውን ሲሳይ ገዝተው እንዳይደብቁ ከልክለው፣ በብርድም በሐሩርም እህል በጀርባው ተሸክሞ ለሚያመጣው ነጋዴ ግን የእርሳቸው እንግዳ መሆኑን አውጀዋል። ነጋዴን አልጠሉም፤ ደባቂን ግን አልታገሡም።

የተፈቀደውም ቢሆን ጊዜ አለው። በአንድ ዓመት በዒደል አድሓ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከለከሉ። በተከታዩ ዓመት ሶሓባዎች ሲጠይቋቸው፣ እንዲበሉ፣ እንዲያበሉና እንዲያስቀምጡ ፈቀዱ፤ ባለፈው ዓመት የከለከሉት ሰዉ ተቸግሮ ስለነበር መሆኑንም ገለጹ። ሥጋው ያው ሥጋ ነው፤ ቋንጣውም ያው ቋንጣ ነው። የተለወጠው የጎረቤት ሁኔታ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የአመድ ዓመት ለእኛ አገር ሩቅ ታሪክ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀውን ክፉ ቀን አያቶቻችን ሰምተው ለልጆቻቸው ነግረዋል፤ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ እርሻው ጦም አደረ። የ1965ና የ66ቱን፣ የ1977ቱንም የወሎ ረሃብ ያዩ ዓይኖች ዛሬም አሉ። አማርትያ ሴን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 (እ.ኤ.አ) ባሳተሙት ጥናት የወሎን የመጀመሪያውን ረሃብ መርምረው ነበር። ያገኙትም ነገር ያስደነግጣል። በአገሪቱ እህል አልጠፋም ነበር፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ይወጣ ነበር። ገበሬው ግን ከብቱም አዝመራውም ጠፍቶበት ስለነበር መግዣ አጣ። የእህል መኖርና ወደ ተራበው አፍ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጎተራችንና ከግድግዳው ወዲያ ባለችው እናት መካከል ያለውም ርቀት ይኸው ነው።

እንግዲህ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጎተራውን ሙሉ፤ ሐላል ነው። በርበሬውንም በሶውንም አስቀምጡ። ስታስገቡ ግን የምትቆጥሩት የቤታችሁን ሰው ብቻ አይሁን። ኩንታል ስትገዙ፣ በጣሳ የምትገዛውን ጎረቤት ከዚያው በገዛችሁበት ዋጋ አካፍሏት፤ በየሳምንቱ ትክፈላችሁ። ይህ ሰደቃ እንኳ ሳይሆን የክረምቱን ጭማሪ ከትከሻዋ ማውረድ ነው፤ እርሷንም ከመለመን ሐፍረት ያድናታል። ዘካችሁን ስታወጡም የሚመጣውን ብቻ ሳይሆን መምጣት ያቃተውን ቁጠሩ። ለድሃም ቁጠባን ከማስተማራችን በፊት፣ እኛ ከሌማታችን ምን እንደቀነስን ራሳችንን እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) ጎተራችንን በበረከት ይሙላልን፤ በሩንም ወደ ጎረቤት የሚከፈት ያድርግልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።