ዌበር (ካርቡሬተር አምራች)

ዌበር በጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ የተመሠረተ የመኪና ካርቡሬተር አምራች ድርጅት ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። የድርጅቱ ንድፍ በላዳ መኪናዎች አማካይነት ኢትዮጵያም ደርሷል።

ታሪክ

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1923 ያቋቋመው ኤዶአርዶ ዌበር ነው። በጊዜው ቤንዚን ውድ ስለነበር፣ መጀመሪያ የሠራቸው ካርቡሬተሮች የፊያት መኪናዎችን ፍጆታ ለመቀነስ ይገጠሙ ነበር። ዌበር በይበልጥ የታወቀው መጠናቸው የተለያየ ሁለት የአየር መተላለፊያዎች ባሉት ካርቡሬተር ነው። መኪናው በዝግታ ሲሄድ ጠባቡ ብቻ ይሠራል፤ ኃይል ሲፈለግ ሰፊው ይከፈታል። በ1930ዎቹ የአልፋ ሮሜዮና የማዜራቲ የእሽቅድምድም መኪናዎች የዌበርን ካርቡሬተር ይጠቀሙ ነበር።

መሥራቹ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 የደረሰበት ሳይታወቅ ጠፋ። በ1952 ድርጅቱ በፊያት ቁጥጥር ሥር ገባ።

ላዳ እና ኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ባደረገው ስምምነት በቶሊያቲ ከተማ የመኪና ፋብሪካ ተሠራ። ከፊያት 124 የተቀዳው የመጀመሪያው መኪና በ1970 ወጣ፤ በውጭ አገር ላዳ ተብሎ ተሸጠ። ካርቡሬተሩን በዌበር ፈቃድ ያመርት የነበረው የዲሚትሮቭግራድ ፋብሪካ ነው። በአዲስ አበባ በታክሲነት የሚታወቁት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ከዚሁ የመኪና ቤተሰብ ናቸው።

ከፍታና ካርቡሬተር

በካርቡሬተር ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው መጠኑ የማይለወጥ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ግን የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ መኪና ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ሐይቅ ቁልቁል የሚወርድ መኪና በአንድ ጉዞ የተለያየ አየር ያገኛል። መካኒኩ ቀዳዳውን በጠባብ ቢቀይረው እንኳ ማስተካከያው ለአንድ ከፍታ ብቻ ነው።

የካርቡሬተር ዘመን ማብቃት

የኤሌክትሮኒክስ ቤንዚን መርጫ የአየሩን ሁኔታ እየለካ የቤንዚኑን መጠን ራሱ ያስተካክላል። የጭስ ብክለት ሕጎች ሲጠብቁ አዳዲስ መኪናዎች ወደዚህ ዘዴ ዞሩ። ዌበር እ.ኤ.አ. በ1986 በማኜቲ ማሬሊ ሥር ተጠቃለለ። በ1992 የቦሎኛው ምርት ቆሞ ሥራው ወደ ስፔን ተዛወረ፤ እዚያም ለአሮጌና ለእሽቅድምድም መኪናዎች የሚሆኑ ካርቡሬተሮች መመረታቸው ቀጠለ።