ከሰማዩ ሰልፍ በታች



በለንደን ከተማ ታላላቅ በዓላት ሲከበሩ ሕዝቡ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ የሚጠብቀው ትርዒት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ አውሮፕላኖች ሰልፍ ይዘው በከተማይቱ ላይ ያልፋሉ። እነዚህን አሮጌ አውሮፕላኖች እየጠገነ የሚያበረው የእንግሊዝ አየር ኃይል ክፍል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከመካከላቸው የሁሉንም ዓይን የሚስበው ባለ አራት ሞተሩ ቦምብ ጣይ «ላንካስተር» ነው። በጦርነቱ ዘመን ከ7,000 በላይ ተሠርቶ ነበር፤ ለመብረር የበቁ ሆነው የቆዩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ይህን ሰልፍ በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል።

እንግሊዞች በዚያ ድምፅ እንባ ቢያፈሱ ምክንያት አላቸው። በቦምብ ጣይ ክፍላቸው ያገለገሉ 55,573 ሰዎች ሞተዋል። የተዋጉትም ዓለምን በእሳት ከለኮሰው ከሂትለር ጋር ነበር። ይሁንና ይኸው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 ድሬዝደን በተባለችው የጀርመን ከተማ ላይ ከሌሎች ጋር ሆኖ ባዘነበው እሳት እስከ 25,000 የሚደርስ ሕዝብ አልቋል። አንዱ አውሮፕላን ሁለት ትዝታ አለው ማለት ነው፤ አንዱ የአብራሪው፣ ሌላው ከሥር የነበረው ሰው ትዝታ። በበዓል ቀን የሚነገረው የመጀመሪያው ነው።

እኛ የወሎ ሰዎች ቦምብ ጣይን ያወቅነው በሁለተኛው መንገድ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ደሴ ከከሚሴ ሩቅ አይደለችም፤ የከሚሴ፣ የባቲና የሰንበቴ ሰው ዘመድ ያለባት ከተማ ናት። በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማይቱ ውስጥ ስለ ነበሩ፣ ራሳቸው በመትረየስ ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የታዩበት ታሪክ ይኸው ነው። ቤቶች ተቃጠሉ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ ከቦምቡ አልዳነም። የውጭ አገር ጋዜጠኞች በስፍራው ስለ ነበሩ ወሬው በቴሌግራም ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት መጋቢት 20 ቀን ደግሞ ተራው የሐረር ሆነ፤ የመስጂዶችና የዑለማዎች መናኸሪያ የሆነችው ጥንታዊት ከተማ ተደበደበች። በሰሜን ግንባር የወረደው የመርዝ ጋዝማ ከቦምቡም የከፋ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ባሰሙት ንግግር፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት አውሮፕላኖች እየተከታተሉ መርዙን እንደ ጉም በሰው፣ በከብትና በውኃ ላይ መርጨታቸውን ለዓለም ተናግረዋል። ያም የአውሮፕላን ሰልፍ ነበር።

ከላይ ሆኖ ለሚያይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በዚያ ጦርነት ቦምብ ጣይ አብራሪ ነበር። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ በፈረሰኞች መካከል የወደቀውን ቦምብ ከሚፈነዳ የአበባ እምቡጥ ጋር አመሳስሎ በደስታ ተረከው። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ልብ በሉት። ከላይ አበባ የመሰለው ከታች የሰው ሥጋ ነበር። ርቀት ዓይንን ብቻ ሳይሆን ልብንም ያሳውራል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተጨማሪ ትምህርት አለ። ይኸው ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. መጋቢት ወር ትሪፖሊ ላይ በፈረስ ተቀምጦ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ ተቀበለ፤ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝም አለ። በአገራችንም መስጂድ አሠራለሁ፣ ዐረብኛ አስተምራለሁ እያለ ሕዝቡን በሃይማኖት ሊከፋፍል ሞከረ። ነገር ግን በታሪክ የመጀመሪያዎቹ ከአውሮፕላን የተጣሉ ቦምቦች የወደቁት በማን ላይ ነበር? ጥቅምት 21 ቀን 1904 ዓ.ም. ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ የኢጣሊያ መኮንን በሊቢያ ዓይን ዛራና ታጁራ ላይ በእጁ ወረወራቸው። ሙስሊም ምድር ላይ ማለት ነው። የሊቢያውን ሽማግሌ ሙጃሂድ ዑመር ሙኽታርን በ1924 ዓ.ም. መስከረም ወር የሰቀለው ማን ነበር? የዚሁ የ«ጠባቂው» መንግሥት አይደለምን? ደሴና ሐረር ላይ የወረደው ቦምብ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ለይቶ አልጠየቀም። ሰይፉን የሰጡትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ቦምቡ የገደላቸውን ግን አላህ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

ዲናችን በጦርነት ላይ ድንበር አበጅቷል። አቡበከር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም የሚዘምተውን ጦር ሲሸኙ ሴትን፣ ሕፃንንና ሽማግሌን እንዳይገድሉ፣ የሚያፈራ ዛፍ እንዳይቆርጡ፣ ለምግብ ካልሆነ ከብት እንዳያርዱ፣ በገዳማቸው የተቀመጡትን እንዳይነኩ አዘዋል። ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በእሳት መቅጣት የአላህ ብቻ መሆኑን ማስተማራቸውም በሐዲስ ተመዝግቧል። እንግዲህ ሌሊት በተኛ ከተማ ላይ እሳት የሚያዘንብን መሣሪያ፣ ባለቤቱ ወዳጅም ይሁን ጠላት፣ በዚህ ሚዛን መመዘን አለብን። ሚዛኑ ለጠላት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ሚዛን አይደለም።

ይህን የምንለው የነፃነትን ዋጋ ዘንግተን አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ጦር አውሮፕላኖች ኢጣሊያኖች የያዙትን የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ደብድበዋል፤ ደሴም በሚያዝያ ወር ነፃ ወጣች። ነፃነቱ የአርበኞቻችንም ደም ነው፤ ለእርሱም አላህን እናመሰግናለን። ግን ነፃ አውጪውም ሲመጣ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ወደ ጫካ መሸሻቸው አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ባዳረሰ ጊዜም የዛሬ ልጆቻችን የሰማይን ድምፅ መፍራት ተምረዋል። ለእነርሱ የአውሮፕላን ጩኸት ትርዒት አይደለም።

እንግሊዞች አውሮፕላናቸውን ቀለም ቀብተው፣ ሞተሩን አድሰው ትዝታቸውን ያበሩታል። እኛ የምናበረው አውሮፕላን የለንም። ያለን የሽማግሌዎች ቃል ነው። በ1928 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ከእንግዲህ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እንዲህ ያሉ አዛውንቶች በየመንደሩ ቢገኙ እጅግ ጥቂት ናቸው። የቀረው ልጆቻቸው ከእነርሱ የሰሙት ነው። እርሱም ካልተጻፈ አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የሚመጣውን ጁሙዓ አትጠብቁ። አያቶችን፣ አሮጊት አክስቶችን፣ የመንደሩን ሼኽ ጠይቁ፦ አውሮፕላኑ ሲመጣ የት ተደበቃችሁ? ማን ሞተ? የት ተቀበረ? በማን ቤት ተጠለላችሁ? የጠለላችሁ ጎረቤት ክርስቲያን ከነበረ ይህንንም ጻፉ። የመድረሳ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ይመዝግቡ። ስሙ የሚታወቅ ሟች ካለ በስሙ ዱዓ አድርጉለት። ልጃችሁም በቴሌቪዥን የአውሮፕላን ሰልፍ አይቶ «እንዴት ያምራል!» ቢላችሁ አትቆጡት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ከሥር የነበረውን ሰው ንገሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ሙታኖቻችንን ይማርልን፤ ሰማያችንን የዝናብና የረሕመት እንጂ የእሳት መውረጃ አያድርግብን። አሚን።